ሰባት ሰፋፊ ስፌቶች

«እባክዎ፣ በእጅ አይነካም» አለቻት ነጭ ጓንት ያጠለቀችው ሴትዮ።

እናቴ ልትነካው አልነበረም። ጣቷን ከጨርቁ ስንዝር ያህል አርቃ፣ የስፌቱን መንገድ በአየር ላይ ትከተል ነበር። ሴትዮዋ ግን ይህን ከየት ታውቃለች? እናቴ እጇን ሰብስባ ኮቷ ኪስ ውስጥ ከተተችና «ይቅርታ» አለች።

«ምንም አይደል፤ አይቀየሙኝ። የእጅ ወዝ ጨርቅ ይበላል። ማየት ከፈለጉ እኔ ገልጬ አሳይዎታለሁ፤ የቆምኩት ለዚሁ ነው።» ደረቷ ላይ የተለጠፈው ካርድ ወይዘሮ ፔነር ይላል። ሸበቶ ናት፤ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። «ስለ ስፌት ያውቃሉ?»

«ትንሽ ትንሽ።»

«እንግዲያው ቀረብ ይበሉ። ይሄ የማሽን አይደለም፤ በእጅ ነው። በአንድ ኢንች ውስጥ አሥራ አንድ ስፌት አለው። እኔ ራሴ ቆጥሬዋለሁ። ከመካከላችን ስምንት ያስገባች ሴት ለጎረቤት ሁሉ ታወራለች። ደግሞ ጀርባውን ይዩልኝ» ብላ ጠርዙን በሁለት ጣቷ ገለጥ አደረገችው። «የፊቱና የኋላው እኩል ነው። ቋጠሮው የታለ? የለም! ውስጥ ጥጡ ላይ ቀብራዋለች። በዚህ ዘመን እንዲህ የሚሰፋ ሰው አለ ቢሉኝ አላምንም ነበር።»

እናቴ ጎንበስ ብላ፣ ከዚያ በፊት አይታው እንደማታውቅ፣ አየችው። «እውነትም ያምራል» አለች።

ሳቄን ለመያዝ ሁለት እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በትርኢቱ አዳራሽ ውስጥ ከተሰቀሉት ከሦስት መቶ በላይ ብርድ ልብሶች ጎኑ ላይ ሰማያዊ ሪባን የተንጠለጠለበት ይሄ ነበር፤ ሪባኑ «ምርጥ የእጅ ስፌት» ይላል። ክረምቱን ሙሉ የሰፋችው ደግሞ እናቴ ናት። ወይዘሮ ፔነር እናቴን የገዛ ስፌቷን ታስተምራታለች! በሕይወቴ እንዲህ የሚያስቅ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። ግን ሚስጥር ነው። ሚስጥሩን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነን፤ ሦስተኛዋ እኔ ነኝ።

ቢያንስ እኔ ያወቅሁት እንደዚያ ነበር።

አክስቴ ግሬቸን የአባቴ ታላቅ እህት ናት። የምትኖረው ትልቁ ከተማ ነው፤ ግድግዳው ሁሉ ነጭ በሆነ፣ ሶፋው ላይ ጫማ አውልቀው እንኳ በማይወጡበት ቤት። ለብርድ ልብስ ጨርቅ ትቆርጣለች፣ ትገጣጥማለች። የኛ ከተማ አሮጊቶች ማክሰኞ ማክሰኞ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ተሰብስበው የሚሠሩትን ኮከብና የአበባ ጉንጉን አትወድም። የምትወደው ባዶ ነገር ነው። በዚያ ዓመት ኅዳር፣ በምስጋና ቀን ማግስት፣ ቤታችን ይዛ የመጣችው ጨርቅ ከዳር እስከ ዳር አመድማ ነበር፤ ከመሃሉ ትንሽ ወደ ግራ ራቅ ብሎ፣ በር በስንጥቁ የሚያሳየውን ብርሃን የመሰለ አንድ ቀጭን ብርቱካንማ ሰረዝ። ሌላ ምንም የለውም።

«ስሙ ‹ባዶ ቁጥር አራት› ነው» አለች አክስቴ፤ ጨርቁን ወለላችን ላይ እየዘረጋች። «አደራ ጃኔል፣ መሃሉን እንዳታጨናንቂብኝ።»

«ባዶ እንዲሆን ከፈለግሽ ለምን ይሰፋል?» አለች እናቴ።

«አይ አንቺ!» አክስቴ ሳቀች። «ሳይሰፋ እንዴት ብርድ ልብስ ይሆናል? እኔ መርፌ ስይዝ ጥርስ የምነቅል ነው የምመስለው። እንዳንቺ ያለ እጅ የለም፤ ታውቂያለሽ። መስመሩን እንደ ታየሽ አድርጊው።»

እናቴ ሳምንት ሙሉ አንድም ስፌት አልሰፋችም። ከሥራ ስትመለስ (በትምህርት ቤታችን ወጥ ቤት ነበር የምትሠራው) ኮቷን ሳታወልቅ የፊት ክፍሉ መስኮት ላይ ትቆምና ማሳውን ታያለች። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ቅዳሜ ማታ ገብቶ ሰኞ ሳይነጋ ይወጣል። እሑድ ዕለት በመስኮቱ አጠገብ ሲያልፍ «ድሪቶው እስካሁን አልተጀመረም? ወይስ ጨርቁ እስኪያናግርሽ ነው የምትጠብቂው?» አላት። እሷም «አዎ» አለችው።

በማግስቱ በጠመኔ መስመር አሰመረች። መስመሩ ነፋስ ነበር። በኛ አገር ነፋስ የስንዴውን ማሳ ሲያስተኛው፣ አንዱ ወገን ተኝቶ ሌላው ሲነሣ፣ ማሳው ውኃ የሚመስልበት ጊዜ አለ። ያንን ነበር ከዳር እስከ ዳር ያሰመረችው። መስመሮቹ ብርቱካንማው ሰረዝ ጋ ሲደርሱ ይጠጉና፣ ሳይነኩት ዞረው ያልፋሉ።

ከዚያ በኋላ የፊት ክፍላችን የመወጠሪያው ሆነ። መወጠሪያው አራት ረጃጅም አግዳሚ እንጨት ነው፤ አያቷ ለእናቷ፣ እናቷ ለእሷ ያስተላለፉላት። ጨርቁ ከላይ፣ ጥጡ ከመሃል፣ ሌላው ጨርቅ ከታች ሆኖ፣ ሦስቱ እንደ ከበሮ ይወጠራሉ። እኔ ከሥሩ ገብቼ እተኛለሁ። ቤቴ ነበር። የቤቴ ጣሪያ አመድማ ነው፤ መብራቱ በጨርቁ ውስጥ አልፎ ይመጣል። የእናቴ ቀኝ እጅ ከላይ ስለሆነ አይታየኝም፤ የግራ እጇ ብቻ ናት ከታች ከኔ ጋር የምትኖረው። መርፌዋ ጨርቁን በስታ ስትመጣ፣ የታችኛዋ ጣት ጫፏን ትነካና መልሳ ወደ ላይ ትገፋታለች። እያንዳንዷ ስፌት ያቺን ጣት ትወጋለች። በገና ሰሞን ጣቷ ደረቀች፤ በጥር ቆዳዋ እንደ ውሻ መዳፍ ሆነ።

አንድ ቀን ደም ጨርቁ ላይ ጠብ አለ። እኔ ጮህኩ። እናቴ ግን ምንም ሳትደነግጥ፣ ቁራጭ ነጭ ክር አፏ ውስጥ ከትታ አኘከችና ቦታውን አሸችበት። ደሙ ለቀቀ።

«እኔ ልትፋበት?» አልኳት።

«ያንቺ አይሠራም። የሰው ደም የሚለቀው በራሱ ምራቅ ነው።»

ለዓመታት ይህ ተረት ይመስለኝ ነበር። ለካ በእጃቸው የሚሰፉ ሴቶች ሁሉ ያውቁታል።

ማቀዝቀዣችን ላይ፣ በዶሮ ቅርጽ ማግኔት የተያዘች አንዲት ባለ ፎቶ የማስታወቂያ ወረቀት ነበረች። ሐይቅ፣ ከሐይቁ ዳር የእንጨት ጎጆዎች፣ ከጎጆዎቹ በላይ ተራራ። እናቴ ሻይ እስኪፈላ ድረስ ቆማ ታያታለች።

«እዚያ እንሄዳለን?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ከጠሩኝ።»

«ማን ነው የሚጠራሽ?»

«በትርኢቱ ላይ በእጅ ስፌት ያሸነፈችውን ሴት ይጠሯታል። በጋውን ስድስት ሳምንት ታስተምራለች፤ ልጅ ካላት ልጇም አብራ ትኖራለች።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት ሐይቁን ብቻ ነው። በነጋታው የዋና ልብስ ይገዛልኝ ማለት ጀመርኩ። እናቴ የተማረችው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደ ሆነና፣ ከዚያ ወዲህ ማንም «አስተምሪን» ብሏት እንደማያውቅ ያሰብኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

አክስቴ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ትመጣ ነበር። ከመወጠሪያው ሥር ሆኜ የምሰማው የሁለቱ ወሬ ከጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ወሬ ነበር፤ ግማሹ ይገባኛል፣ ግማሹ ያልፈኛል። በአንዱ ቅዳሜ እናቴ እንዲህ ስትል ሰማሁ፦

«የትርኢቱ ፎርም ላይ የማን ስም ይገባል?»

የታችኛዋ ጣት ቆመች። መርፌዋ አልመጣችም።

«ዘንድሮ አንድ ስም ብቻ ነው የሚቀበሉት» አለች አክስቴ።

«አምና ሁለት መስመር ነበረው። የገጣጠመችው፣ የሰፋችው የሚል።»

«ቀይረውታል። እኔ መቼ ወደድኩት? ግን ምን ይደረግ? ስሚ፣ መድረክ ላይ ስወጣ መጀመሪያ የምጠራው ያንቺን ስም ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ እየሰማ! ካርድ ላይ የተጻፈውን ማን ያነበዋል?»

«የሐይቁስ?»

«ዳኞቹን እኔ እነግራቸዋለሁ አልኩሽ እኮ። አታምኚኝም እንዴ?»

ጣቷ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ «እሺ እንግዲህ» የሚል ድምፅ መጣ፤ መርፌዋም ተከትላ መጣች።

በሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ቆይታዬ፣ ለሌላ ጉዳይ በገባሁበት ቤተ መጻሕፍት፣ የዚያን ዓመት የትርኢቱን መጽሔት አገኘሁ። መጨረሻው ገጽ ላይ የመመዝገቢያው ፎርም ታትሟል። ሁለት መስመር አለው።

በረዶ ጥሎ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ቀን እናቴ ከሥር ጠራችኝና መርፌ ሰጠችኝ። «እዚህ ጥግ ላይ፤ በመስመሩ ሂጂ» አለች። ምላሴን አውጥቼ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ሰባት ስፌት ሰፋሁ። የእሷ ከሰሊጥ ፍሬ አይበልጥም፤ የእኔ እያንዳንዱ ባቄላ ያህላል። እንደምትፈታው አውቃለሁ። የምድር ቤቱ አሮጊቶች ልማድ ነው፦ መስፋት የማትችል ሴት መጥታ ስትቀመጥ «እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ!» ይሏታል፤ ስትሄድ ጠብቀው ይፈቱና እንደገና ይሰፉታል። እሷም ሳታውቅ ትኖራለች።

«መቼ ትፈቺዋለሽ?» አልኳት።

«የአንቺን አልፈታውም።»

«ዳኞቹ ያዩታል እኮ!»

«ይዩት። ክረምቱን አብረን ነው የከረምነው።»

ስፌቱ ሊያልቅ ሰሞን አክስቴ ብቻዬን ወጥ ቤት አገኘችኝ። እናቴ ጓሮ ልብስ ታሰጣ ነበር። አክስቴ ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና ከቦርሳዋ ትንሽ መቀስ አወጣች፤ ወርቃማ፣ በሽመላ ቅርጽ የተሠራች፣ ስትከፈት ምንቃሯን የምትከፍት። እንደዚያ ያለ ነገር ከሱቅ መስኮት በቀር አይቼ አላውቅም።

«ኔሊ፣ ሚስጥር መጠበቅ ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

«ለእናትሽ ትልቅ ሰርፕራይዝ አለኝ። መድረክ ላይ። ከዚያ በፊት አንድ ሰው ካወቀ ግን ይበላሻል። ስለዚህ ሰው ቢጠይቅሽ፣ ብርድ ልብሱን የሰፋው ማነው?»

«እናቴ።»

«አየሽ? ተበላሸ!» ሳቀች፤ መቀሷን ወደ ቦርሳዋ መለስ አደረገቻት። «እንደገና። የሰፋው ማነው?»

«አክስቴ።»

«ብቻዋን?»

«ብቻዋን።»

«አንቺስ አልሰፋሽም?»

«እኔ መስፋት አልችልም።»

«ወርቅ ነሽ! አሁን ደግሞ ከባዱ። እናትሽ ራሷ ልትፈትንሽ ትችላለች። ሚስጥር ትጠብቅ እንደሆነ ልያት ብላ፣ ‹ኔሊ፣ ንገሪያቸው› ልትልሽ ትችላለች። ያኔስ?»

አሰብኩበት። «ያኔም አልናገርም» አልኩ።

መቀሷን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ሌላውን ሁሉ ይቅር ልላት እሞክራለሁ፤ አንዳንድ ቀን ይሳካልኛል። ሰው ስሙን ይወዳል፤ እሷም ጨርቁን ቆርጣለች፣ ገጣጥማለች፤ ያቺ ብርቱካንማ ሰረዝ የእሷ ናት። ያቺን የመጨረሻዋን ጥያቄ ግን አልቻልኩም። ያን ዕለት፣ ልብስ በሚሰጣበት ጊዜ ውስጥ፣ ተቀምጣ አስባበታለች።

አሁን ወደ አዳራሹ ልመለስ።

ከወይዘሮ ፔነር ተለይተን መዞር ጀመርን። አክስቴ ከመድረኩ አጠገብ ፎቶ ትነሣ ነበር፤ በሩቁ እጇን አውለበለበችልን። አዳራሹ የአዲስ ጨርቅና የወለል ሰም ይሸታል። ብርድ ልብሶቹ ከጣሪያ እስከ ወለል ተሰቅለው መንደር ሠርተዋል፤ ቢጫ፣ ባሕር ሰማያዊ፣ ከሰል ጥቁር፤ አንዱ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ ብቻ፣ አንዱ ላይ የፈረሰ መሰላል የመሰለ ነገር። ሴቶች አፍንጫቸው ጨርቁን እስኪነካ ይጠጋሉ፣ ደግሞ ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ፤ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ የሚደንሱ ይመስሉ ነበር።

እናቴ ግን ብርድ ልብሶቹን አታይም ነበር። ከጎናቸው የተለጠፉትን ካርዶች ነበር የምታየው። አንዱን ታነባለች፣ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ ፈጠን እያለች፣ በመጨረሻ እጄን ይዛ እየጎተተችኝ። እናቴ የሁሉንም ስም በቃሏ ልትይዝ የፈለገች መሰለኝ። እንደዚህ ያለች ጨዋ ሰው ናት ብዬ ኮራሁባት። አንዱ ካርድ ጋ ስንደርስ እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት፦ «የገጣጠመችው አይሪን ሊቲግ። የሰፋችው መርና ቮት።»

«እሱን ተዪው» አለችኝ።

«ይሄም ሁለት ስም አለው። ያኛውም።»

«አይቻለሁ፣ ኔሊ።»

ወደ እኛ ብርድ ልብስ ተመለስን። እናቴ ካርዱን ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው አነበበችው። «ነፋስ። ንድፍ፣ መገጣጠምና የእጅ ስፌት፦ ግሬቸን ስታኪ።»

«ስሙ ተቀየረ እንዴ?» አልኩ። «ባዶ ቁጥር አራት አልነበር?»

 የእናቴ ፊት ቀልቷል። እናቴ በሰው ፊት መናገር የማትወድ፣ በሱቅ እንኳ የጎደለ መልስ ሲሰጧት ዝም ብላ የምትወጣ ሰው ናት። ወደ ወይዘሮ ፔነር ሄደችና «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች፤ «ካርዱ ላይ ስህተት አለ። ይህን የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ፔነር መነጽሯን አደረገች። «አልገባኝም። ከአንድ ሰዓት በፊት እዚሁ ቆመው ‹ያምራል› ሲሉኝ አልነበረም?»

«ነበር። ያኔ… ከመድረክ ላይ ይነገራል ተብዬ ነበር።»

«ግሬቸንን ነው የሚሉት? ስፌቷን በእጇ እንደሠራች ፈርማ ነው የሰጠችን።»

እናቴ የግራ እጇን ከኪሷ አወጣችና ጣቷን አሳየቻት። ወይዘሮ ፔነር አየችው፤ ከዚያ የራሷን ጓንት አወለቀች። የእሷም ጣት እንደዚያው ነበር፤ ደረቅ፣ የተበሳሳ። «እመቤቴ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ጣት የሌላት ሴት ፈልገው ያግኙልኝ።»

ሁለት ሦስት ሴቶች ዞረው ማየት ጀመሩ።

«ግራ ጥጉ ላይ፣ ከታች፣» አለች እናቴ፣ «ሰባት ሰፋፊ ስፌት አለ። የልጄ ነው። እሷ ናት የሰፋችው።»

ወይዘሮ ፔነር ጎንበስ ብላ ጥጉን ገለጠች።  አሉ! ሰባቱም አሉ! እናቴ አልፈታቻቸውም። ከደስታዬ የተነሣ መዝለል አማረኝ፤ ግን ሚስጥር ነውና እግሬን ወለሉ ላይ አጥብቄ ቆምኩ።

«አሉ፤ ዳኞቹም ጽፈዋቸዋል» አለች ወይዘሮ ፔነር። «ግን እርስዎም ቅድም ሲያዩት ነበር። እስቲ ግሬቸንን ላስጠራት፤ ይሻላል።»

«ልጄን ጠይቋት» አለች እናቴ። «ኔሊ አትዋሽም።»

ወይዘሮ ፔነር ቁመቷን ዝቅ አድርጋ ፊቴን አየችው። ሽታዋ የካራሜላ ነበር። «የኔ ቆንጆ፣ ይህን የሰፋው ማነው?»

እናቴ ትከሻዬን ያዘችኝ። «ንገሪያቸው፣ ኔሊ» አለች።

ልክ አክስቴ እንዳለችው! አንዲት ቃል እንኳ አልተለወጠችም። ኪሴ ውስጥ ሽመላዋን ጨበጥኳት፤ እናቴ እየፈተነችኝ ነው፣ እኔም ልወድቅላት አይደለም።

«አክስቴ ናት» አልኩ። «ብቻዋን።»

«አንቺስ? እነዚህ ያንቺ ናቸው?»

«እኔ መስፋት አልችልም።»

የእናቴ እጅ ትከሻዬ ላይ ቆየ። ቀና ብዬ አየኋት፤ ፈተናውን እንዳለፍኩ በዓይኗ ትነግረኛለች ብዬ። እሷ ግን የምታየው ብርድ ልብሱን ነበር። ያን ጊዜ «ልጄ ዋሽታለች» ብትል ምን ይሆን እንደነበር ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ሴቶቹ ክብ ሠርተው ቆመዋል፤ ሁሉም እኔን ያያሉ።

«ተሳስቻለሁ» አለች እናቴ። «ይቅርታ አድርጉልኝ። አክስቷን አታስጠሯት።»

ወይዘሮ ፔነር ጓንቷን መልሳ አጠለቀች። «ያጋጥማል» አለች በርኅራኄ። «ቆንጆ ሥራ ሲያዩ የኔ በሆነ ያሰኛል።»

ስምንት ሰዓት ላይ አክስቴ መድረክ ላይ ወጣች። ወንበሬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ዳኞቹን አመሰገነች፣ ጨርቁን የሸጠላትን ሰው አመሰገነች፣ ስለ ነፋስና ስለ ማሳ ተናገረች፤ ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ሰማት። «ቤተሰቤንም፣ በተለይ የፊት ክፍሏን ያዋሰችኝን የወንድሜን ሚስት» አለች። ከዚያ የሐይቁ ፎቶ ያለበት ፖስታ ሰጧት። እኔ እጄ እስኪቃጠል አጨበጨብኩ። ሰርፕራይዙ ከዚህ በኋላ ነው ብዬ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ዳር ያለች ምግብ ቤት ጎራ አልን። እናቴ ቀይ ባቄላ ወጥና የቀረፋ ጥቅልል ዳቦ አዘዘችልኝ፤ ለራሷ ምንም። እኔ ዳቦውን ወጡ ውስጥ እየነከርኩ በላሁ። መኪና ውስጥ ስንገባ ከዚያ በላይ መያዝ አቃተኝ።

«እማ፣ አክስቴ መቼ ነው የምትነግራቸው?»

«ምኑን?»

«ሰርፕራይዙን! አንቺ እንደ ሰፋሽው! ሰው ቢጠይቅሽ አክስቴ ናት፣ ብቻዋን ናት በይ፣ መስፋት አልችልም በይ አለችኝ። እናትሽ ‹ንገሪያቸው› ብትልሽ እንኳ እንዳትናገሪ አለችኝ። አልተናገርኩም! አይተሻል አይደል?» ሽመላዋን አውጥቼ አሳየኋት። «ይቺን ሰጥታኛለች።»

መኪናዋ መንገዱን ትንሽ ሳተችና ተመለሰች። በስተ ቀኝ በኩል ማሳው ገና አጭር ነበር፤ ነፋስ የሚያስተኛው አልደረሰም። እናቴ መሪውን በሁለት እጇ ያዘች። የደከማት መሰለኝ።

«አይቻለሁ» አለች በመጨረሻ። «ጎበዝ ልጅ ነሽ። የገባሽውን ቃል ጠበቅሽ።»

ከዚያ ቀን በፊትም ሆነ በኋላ እንዲህ አመስግናኝ አታውቅም። ቤት እስክንደርስ ድረስ ፈገግ እያልኩ ነበር።

ማታ ከግድግዳው ወዲያ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ። «ጨርቅ ነው እኮ፣ ጃኔል። እህቴ ናት።» 

አክስቴ ያን በጋ ሐይቁ ዳር አስተማረች። ስለ ንድፍ ነው ያስተማረችው አሉ፤ እጇን አሟት ስለነበር መርፌ አልያዘችም። የሽመላዋ መቀስ አሁንም አለችኝ፤ መሳቢያ ውስጥ ናት፣ ምንም ቆርጬባት አላውቅም። ባለፈው መጸው ብርድ ልብሱ በሌላ ግዛት ባለ አንድ ሙዚየም እንደ ተሰቀለ ሰማሁና አምስት ሰዓት ነድቼ ሄድኩ። ወደ ግራው ጥግ ተጠግቼ ቁጢጥ አልኩ። ደም የነበረበት ቦታ የት እንደ ሆነ አይለይም። ሰባቱ ግን አሉ። ካርዱም ያው ነው። ጥበቃው «እባክሽ፣ በእጅ አይነካም» አለኝ፤ እኔም «ይቅርታ» አልኩት።

ይህን ሁሉ እንደማውቅ ለእናቴ ነግሬያት አላውቅም። እንደማላውቅ ሆኜ እንድኖር ብላ ያን ምስጋና ሰጥታኛለች፤ እንዴት አድርጌ እመልስላታለሁ?

ከትርኢቱ በኋላ ባለው ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ የፊት ክፍሉ ሰፍቶ ጠበቀኝ። መወጠሪያው የለም። እናቴ ጓሮ ነበረች። አራቱን አግዳሚዎች መሬት ውስጥ ተክላ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ገመድ ትወጥር ነበር። ከሥራቸው ፎሶሊያ ዘራች። ፎሶሊያው በዚያ ዓመት ጥሩ ያዘ፤ እስከ መጀመሪያው ውርጭ ድረስ በላነው።